ቀበሮን አንቱ፣ እኛን አንቺ

ከበሽተኛ ሽማግሌ ይሰውረኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው ጤነኛ ሽማግሌ አልገጠመውም ማለት ነው። በሽተኛው ቢበዛ ያቃስታል፣ ውሃ ስጡኝ ይላል፣ ስትሰጡት ይመርቃችኋል። ጤነኛው ግን የእናንተን በሽታ ሲፈልግ ይውላል። ዓይናችሁን አይቶ ጉበታችሁን ይጠረጥራል፤ አረማመዳችሁን አይቶ ከዕድሜያችሁ ላይ ይቀንሳል። የትም አገር፣ የትም ሰፈር እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለሮማ ሐበሾች የደረሱን ክቡር ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው።

ጋሽ ኃይለመለኮት አዲስ አበባ የአንድ ጣሊያን ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ደርግ መጥቶ ቤትና ፋብሪካው ሲወረስ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሮማ ሲመለስ እሳቸውንም ይዟቸው መጣ። አሮጊቷ እመቤት ሲሞቱ ልጆቹ ከካሲሊና መንገድ ወዲያ፣ ትሬኒኖው፣ ያ የከተማ ዳር ትንሽ ባቡር፣ ከሚቆምበት አልፎ ኮረብታ ሥር ያለ የእርሻ ቤታቸውን እንዲጠብቁ ኩስቶዴ አደረጓቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ብቻውን ሲኖር ያብዳል። እሳቸው ብስክሌት ገዙ።

ብስክሌቷ ጥቁር፣ ከባድ፣ አሮጌ የፖስተኛ ብስክሌት ናት። እሳቸው ግን «በቅሎዬ» ነው የሚሏት። የሱሪያቸውን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠው፣ ከኋላ የቲማቲም ሳጥን አስረው፣ ሰባ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው ያንን ሁሉ መንገድ እየጋለቡ ከተማ ይገባሉ። የሚገቡትም ሐሙስ ነው።

ሐሙስን ልንገራችሁ። በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት እንለቀቃለን። ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ተሰብስበን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ እግራችንን ዘርግተን ሲኞራዎቻችንን እናማለን። ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ለሰነበተ ሰው መቀመጥ በዓል ነው። ልክ ወሬው ሲጥም ያቺ የብስክሌት ደወል ትንጫረራለች።

«አሎራ! እንግዲህ! ዛሬም ተቀምጣችኋል? ሰው የሚሞተው ቁጭ ብሎ ነው!»

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ስተኩስ ነው የዋልኩት» እላለሁ።

«እሱ መቆም እንጂ መንቀሳቀስ አይደለም። አንቺ አበራሽ፣ ጉልበትሽ እንደ አሮጌ በር ሲንቋረር ካሲሊና ድረስ ይሰማል።»

ሰድበው ሲያበቁ ደግሞ ያድላሉ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ ከሁሉ በላይ ግን ዙኪኒ። ዙኪኒ በልጅነቱ ይለቀማል፤ እሳቸው ግን አሳድገው፣ አጎልምሰው፣ ለአቅመ አዳም አድርሰው ነው የሚያመጡት። አንድ ጊዜ በጋዜጣ ጠቅልለው የሰጡኝን አውቶቡስ ውስጥ ታቅፌ ብቀመጥ አንዲት ጣሊያናዊት ተነሥታ፣ ስንት ወሩ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ይህ ሁሉ በሆነና በቀረ። አንድ ቀን ግን ፓሪዮሊ፣ ሲኞራዬ ቤት ድረስ ጎመን ይዘው መጡ። ሲኞራዬ ጉልበቷን እያሸች ብታማርርላቸው ጊዜ፣ ሊፍት ነው የገደለሽ፣ ደረጃ ሰውን ያድሳል ብለው ሰበኩላት። እሷም «ኬ ሳጂዮ! እንዴት ያሉ ብልህ ሰው!» ብላ አጨበጨበች። ከማግስቱ ጀምሮ እሷ በሊፍቷ፣ እኔ የገበያውን ዘንቢል ተሸክሜ በደረጃ። «ሲኞር ኃይሌ ለጤናሽ ነው ያለው» ትለኛለች አራተኛ ፎቅ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ። እንዲህ ያለ ወዳጅ እያለ ጠላት ምን ያደርጋል?

የእርሻ ቤታቸው የሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድ ያያል። እዚያ አውሬው ሁሉ ማዕረግ አለው። ድንቹን እየነቀለ የሚበላው አባ ጃርት ናቸው፤ አጥሩ ሥር ጉድጓድ ያላት እመት ቀበሮ ናቸው። «ምነው አባ ጃርት፣ ትናንት አመሹሳ?» ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዞር ብለው ደግሞ እኔን፣ «አንቺ፣ ያን ባልዲ አምጪ!» ጣሊያኖቹ እንኳ ሲኞሪና የሚሉኝ ሴት፣ ቀበሮ ያገኘችውን «እርስዎ» ሳላገኝ ልሞት ነው።

አንድ ጊዜ እመት ቀበሮ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በሉባቸው። ጎረቤታቸው ጣሊያኑ ገበሬ ጠመንጃውን ይዞ ቢመጣ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙ። «ኖ! ወልደዋል! አራስ ናቸው!» አሉት፣ ግማሹን በጣሊያንኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ሰውዬው አራስ ምን እንደሆነ የት ያውቃል፤ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እሳቸው በዚህ አላበቁም። በማግስቱ ሌላ ዶሮ አርደው ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ አበዱ እንዴ?» አልኳቸው።

«አራስ ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል? አሳዳጊ የበደለሽ!»

እኔ ሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል ስተኛ ያመጡልኝ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ነው።

ጎመናቸው ግን ጎመን ነው፤ አልዋሽም። ዘሩን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው፣ መንገደኛ ፈልገው የላኩላቸው ታላቅ እህታቸው እትዬ ያለምዘውድ ናቸው። ጋሼ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ያሏቸው አዲስ አበባ የቀሩ ሁለት እህቶች ናቸው፤ እሳቸውን አዝለው ያሳደጓቸው እትዬ ያለምዘውድና እሳቸው አዝለው ያሳደጓት ታናሿ ሙሉአለም። በዚያ ዘመን የወጣ አይመለስ፣ የቀረ አይወጣ። ስለዚህ ጋሼ ከእህቶቻቸው ጋር በወሬ ነው የሚኖሩት፤ በእነሱም ነው እኛን የሚሰድቡን። «እትዬ ያለምዘውድ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ አሁንም ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ በእግራቸው ነው የሚወርዱት! እናንተ ለሁለት ፌርማታ ትራም ትሳፈራላችሁ!»

አንድ የግንቦት ቅዳሜ አቶ አምኃ ሲኞራዬ ቤት ስልክ ደወሉ። አቶ አምኃ በምግብና እርሻ ድርጅት የሚሠሩ፣ ክራቫታቸውን ለእንቅልፍም የሚፈቱ የማይመስሉ የተማሩ ሰው ናቸው። የቢሮ ስልክ ስላላቸው የአገር ቤት ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው።

«አበራሽ፣ የጋሽ ኃይለመለኮት እህት አርፋለች።»

«ወይኔ! እትዬ ያለምዘውድ?»

«ታናሿ፣ ሙሉአለም። ድንገት ነው አሉ። ከተቀበረች ሰንብታለች።»

እንግዲህ መርዶ በስልክ አይነገር፣ ቴርሚኒ ፊት ለፊት አይነገር። በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ብዙ ሆኖ ሄዶ ነው። ለዚህ ደንብ ደግሞ እንደ ጋሽ ኃይለመለኮት የማይመች ሐዘንተኛ አልተፈጠረም። በማለዳ ብስክሌት ላይ ናቸው፤ ብስክሌት ለሚጋልብ ሰው መርዶ አይወረወርለት። ስለዚህ እሑድ በመጀመሪያው ትሬኒኖ ገሰገስን፤ እኔ፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ለዕረፍት ቀናችን አብራኝ ክፍል የተከራየችው መዓዛ፣ አቶ አምኃና ሌሎች የሐሙስ ሴቶች። ነጠላዎቻችንን በፌስታል ደብቀን፣ ጥቁር ልብሳችንን በካፖርት ሸፍነን። በግንቦት ካፖርት! ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ» አለች መዓዛ።

አፍ ያለኝ ለሐሜት ነው እንጂ ለመርዶ ማን አለኝ።

ደረስን። በሩ ላይ ቆመው የበቅሏቸውን ጎማ ይነፋሉ። «አሎራ!» አሉ ከሩቅ። «እናንተ በእግራችሁ? ምን ታየ?» ከዚያ አንድ በአንድ አዩን። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «የባቄላ እሸት አምሮን ነው ጋሼ» የሚል ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እርግጥ ግንቦት በሮማ የባቄላ ወር ነው፤ ጣሊያኑም በጥሬው ከአይብ ጋር ይበላዋል። ውሸቴ ወቅቱን የጠበቀ ነበር።

«ጥሩ» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት። «እሸት ያማረው ይለቅማል።»

ከዚያማ አይጣል ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሳቸው ማጭዱንም፣ ዶማውንም፣ ባልዲውንም አደሉን። እኛን ባቄላው ውስጥ ረድፍ ረድፍ አስገቡን። የዓለምን እርሻ በወረቀት የሚያርሱት አቶ አምኃ በክራቫታቸው ከድንቹ ጋር ተፋጠጡ።

«አንተ! መሬቱን እየቆፈርክ ነው ወይስ እየሰገድክለት?» ይሏቸዋል።

መዓዛ ከባቄላው ጀርባ ተደብቃ ታነባለች። መጡባት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሽ... ሽንኩርቱ ነው ጋሼ።»

«እሱ ሰላጣ ነው። ልቀሚ።»

እኔም ደጋግሜ ሞከርኩ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር...» ስል፣ «ያ ረድፍ ቀርቷል» ይሉኛል። «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ ብለው...» ስል፣ «ከአጥሩ በኩል ጀምሪ።» አቶ አምኃን በዓይኔ ብጠቅሳቸው ዶማቸውን አጥብቀው ያዙ፤ እንደዚያ ቀን ድንች የወደዱበት ጊዜ የለም። ወገቤ ተቆረጠ፣ ካፖርቴ በላብ ራሰ። ይኼ ሰውዬ እህቱ ሞታበት እኔን ወገብሽን እጠፊ ይለኛል እያልኩ ተቃጠልኩ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የሚለቀም ጠፋ። ጋሼ ከረድፍ ረድፍ እየሄዱ ፈለጉ፤ ቅጠሉን እየገለጡ የተረሳች ፍሬ ፈለጉ። የለም። ሄደው ቧንቧው ላይ እጃቸውን ታጠቡ፤ ጥፍራቸውን ሳይቀር አንድ በአንድ አጸዱ። ኮታቸውን ለበሱ። ከዚያም አንድ ሳጥን ገልብጠው ቁጭ አሉ። እሳቸው ሲቀመጡ ያን ቀን ገና አየሁ፤ አንድ ፍሬ ሽማግሌ ናቸው ለካ።

«አሎራ» አሉ ቀስ ብለው። «ከሁለቱ የትኛዋ ናት?»

መዓዛ ፌስታሏን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

«ጠዋት ፌስታል ታቅፋችሁ በሩ ላይ ስትደረደሩ ነው ያወቅሁት። ስንት ሰው አርድቼ መርዶ ነጋሪ ይጠፋኛል? እስክትነግሩኝ ግን ሁለቱም አሉልኝ። ግማሽ ቀን ላቆያቸው ብዬ ነው ያደከምኳችሁ። አሁን ባቄላውም አለቀ። ንገሪኝ፣ አበራሽ።»

«ሙሉአለም ናት፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ሙሉአለም?» አሉ፤ የሌላ ሰው ስም የተጠራ መስሏቸው ወደ አቶ አምኃ ዞሩ። አቶ አምኃ አቀረቀሩ። «ታናሿ? እኔ እዚህ ብስክሌት እየነዳሁ?»

ነጠላችንን አዘቅዝቀን ከበብናቸው። አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ሕፃን። እኔም አለቀስኩ፤ ለማላውቃት ለሙሉአለም አይደለም፣ ለእሳቸው ነው። አሳዘኑኝ፤ አንጀቴን በሉት።

አቶ አምኃ አብረዋቸው ሊያድሩ ቀሩ፤ መዓዛና ሌሎቹም ሐዘን ቤቱን ሊያሰናዱ ቆዩ። እኔ ሲኞራዬ እራት ስለምትጠብቅ መመለስ ነበረብኝ። ጋሼ እስከ ጣቢያው ልሸኝሽ ብለው እምቢ አሉ፤ ብስክሌቷን በእጃቸው እየገፉ አብረውኝ በእግር ሄዱ። ስለ አረማመዴ አንድ ቃል የለም። ስለ ወገቤ የለም። አንዲት ወፍ አጥሩ ላይ ጮኸች፤ ለእሷም እጅ አልነሱም። ስንት ዓመት ዝም በሉልኝ ብዬ የተሳልኩት እኔ ያንን ዝምታ ልችለው አልቻልኩም።

«ጋሼ» አልኳቸው ትሬኒኖው ሲመጣ፣ «ስለ ጉልበቴ እንኳ አንድ ነገር አይሉኝም?»

ጉልበቴን አዩት። ሊሉ ፈለጉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ዛሬ አልችልም፣ ልጄ» አሉ። «ሐሙስ መጥቼ እሰድብሻለሁ።»

በሰው ቤት ስኖር ብዙ ሐሙስ ጠብቄአለሁ። ያንን ሐሙስ እንደጠበቅሁት ግን አንዱንም ጠብቄ አላውቅም።