ሳይመጡ የማቆያ ክፍያ ስለተጠየቀባቸው መኪኖች የገዢዎች ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አየር ጤና፣ የአቶ ረሻድ ጋራዥ

የተገኙ፦
አቶ ረሻድ፣ ሰብሳቢ
አቶ ገመቹ፣ አባል
ወ/ሮ ሰዓዳ፣ አባል
ፀጋ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሰይፈዲን። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነው "እንዳለሁ ቁጠሩኝ" ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የአቶ ገመቹ በግ

አቶ ገመቹ ቀብድ በከፈሉ ማግስት በግ አርደው ገና ያልመጣውን መኪና ማስመረቃቸውን፣ የበሉት ጎረቤቶችም አሁን በየሠርጉ "አጅበን እንጂ" እያሉ እንዳስቸገሯቸው ገልጸው፣ አስመጪው ድርጅት በጉን እንዲተካ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ሥጋውን እሳቸውም እንደቀመሱ፣ ጥሩ እንደነበረም መስክረዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ በጉ ለድርጅቱ በሚቀርበው አቤቱታ ላይ "ተያያዥ ጉዳት" ተብሎ እንዲጠቀስ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የማቆያ ክፍያ

ድርጅቱ መኪኖቹ አገር ውስጥ ሳይገቡ የማቆያ ክፍያ መጠየቁን ሰብሳቢው አብራርተዋል። ወ/ሮ ሰዓዳ የሚተዳደሩባትን አሮጌ ሚኒባስ ሸጠው ለአዲሱ መክፈላቸውን፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትተው መቀመጣቸውን አስረድተው፣ "የቱ ጋ ነው ያቆሙልኝ? ላየውና ልክፈል" ብለዋል። አቶ ገመቹ ድርጅቱ በር ላይ ጥሩምባ እንንፋ ሲሉ፣ ጥሩምባው ያለው መኪናው ላይ መሆኑ ተነግሯቸዋል።

ማንም ክፍያውን እንዳይከፍል፣ የሁሉም መኪና ሳይደርስም ማንም ብቻውን እንዳይረከብ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢው ዱዓ አድርገው፣ አቶ ገመቹ ጸልየው፣ ሁሉም አሜን ብሏል።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

የሰብሳቢው ስልክ ጠራ። ውጭ አውርተው ሲመለሱ ምራታቸው ስለታመመች ፈቃድ ጠይቀዋል። ልጃቸው አላገባም። ወዲያው የአቶ ገመቹ ስልክ ጠራ፤ እሳቸውም የጸሎት ፕሮግራም ትዝ አላቸው። በመጨረሻ የጸሐፊዋ ሲጠራ ድርጅቱ ያለው በስልኩ ድምፅ ማጉያ ለሁሉም ተሰማ፦ አንድ መኪና ገብቷል፣ የማቆያውን ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል።

ወ/ሮ ሰዓዳ "እኔ ጋ አልደወሉም" አሉ።

ሰብሳቢው መኪናው በእርግጥ መኖሩን ሄዶ የሚያጣራ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ አቶ ገመቹ አጣሪ ደግሞ ባዶ እጁን እንደማይሄድ አሳስበዋል። ከአጭር ውይይት በኋላ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የተቃወሙት ወ/ሮ ሰዓዳ ብቻ ናቸው።

ስብሰባው 5፡40 ላይ ተበትኗል። ይህ ቃለ ጉባኤ የተጠናቀቀው ሦስታችንን ይዞ ወደ ድርጅቱ በሚሄደው ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ አፍራለች፤ ግን አልወረደችም።

ጋራዡን እንዲዘጉ ቁልፉ ለወ/ሮ ሰዓዳ ተሰጥቷል።