ወደ ግራ ስትታጠፍ ስለምትጮኸው ቀይ መኪና ጡሩምባ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

ቦታ፦ ደብረ ብርሃን፣ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት፤ የአዳራሹ መስኮት ስለማይዘጋና ብርዱ የማያስቀምጥ ስለሆነ በዕቃ ክፍሉ ውስጥ

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለ8 ሰዓት ተጠርቶ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ

የተገኙ፦
ጓድ ወርቅአገኘሁ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፤ ሰብሳቢ
ጓድ ዙቤዳ፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይ፣ የዓልዩ አምባ ተወላጅና በርበሬ ነጋዴ፤ አባል
ጓድ ዓወል፣ የመኪናዋ ሾፌር፤ አባል
ዘርአ ዳዊት፣ የቄስ ልጅ፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ ሳይጠየቅ የተመረጠ ጸሐፊ
ወይዘሮ ይመኙሻል፣ የበሽተኛው የአቶ ወልደተንሣኤ ባለቤት፤ ቃላቸውን እንዲሰጡ የተጠሩ
አቶ ገብረአብ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፤ አጀንዳው “ስለ ጡሩምባ” ስለሚል በስህተት የተጠሩ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት የተገኙት ሦስቱና ጸሐፊው ስለሆኑ ጸሐፊው ሰው ሆኖ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለምልዓተ ጉባኤ ሲሆን እንዲቆጠር፣ ሐሳብ ለመስጠት ሲሆን ግን እንዳይቆጠር ተወስኖ ስብሰባው ተጀምሯል።

የጉዳዩ መነሻ፦ ቀበሌያችን ከአንድ ከሸሸ የባላባት ልጅ የተወረሰች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ አሮጌ ቀይ ስፖርት መኪና አለችው። የሰፊው ሕዝብ ንብረት ከሆነች ጀምሮ እስካሁን ከሰፊው ሕዝብ መካከል የተቀመጡባት ሾፌሩና ሊቀመንበሩ ናቸው። ይህች መኪና ከክረምቱ ወዲህ ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ጡሩምባዋ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ድምፁ ደግሞ ቁርጥ የእድራችንን ጡሩምባ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ወጥታ ወደ ግራ የምትታጠፈው አቶ ወልደተንሣኤ ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ እሳቸው ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። በዚህ ምክንያት መኪናዋ ባለፈች ቁጥር ጎረቤቱ “ሰውዬው አረፉ” እያለ፣ ጥቁር ለብሶ፣ እየጮኸ ይገባል።

ሊቀመንበሩ እንዳስረዱት፣ በሽተኛው ስማቸው ወልደተንሣኤ ቢሆንም በየጠዋቱ ሞተው እንዲነሡ አይጠበቅባቸውም። አንድ ሰው ነፍሱ ሳትወጣ የራሱን ለቅሶ መስማቱ ከሰብአዊነት ውጭ ስለሆነ ጡሩምባው ዛሬውኑ ዝም እንዲል አሳስበዋል። አቶ ወልደተንሣኤ በቀድሞው ሥርዓት የባላባት ጸሐፊ ስለነበሩ “የፊውዳል ርዝራዥ” ተብለው ስማቸው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ደጃቸውን የሚረግጥ ሰው ጠፍቶ እንደነበረ ጓድ ዙቤዳ ቢያነሡም፣ ይህ አጀንዳ አይደለም ተብሏል።

አጀንዳ 1፦ የጡሩምባው አቋም

ሊቀመንበሩ፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትሄድ ዝም፣ ወደ ግራ ስትሄድ ኡኡ የምትልበትን ምክንያት ጉባኤው በንቃት እንዲመረምር ጠይቀዋል። በአድኃሪ እጅ ያደገ ዕቃ ጠባዩን በቀላሉ እንደማይለቅም አክለዋል። ጓድ ዙቤዳ፣ ጩኸት ሁሉ ተቃውሞ አይደለም፣ እልልታም ጩኸት ነው፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ደስ ብሏት ቢሆንስ ብለዋል። ሊቀመንበሩ ይህን አላሰቡበትም ነበር። ከረጅም ውይይት በኋላ የመኪናዋ አቋም በጥናት ላይ እንዲቆይ፣ እስከዚያው ግን ከስብሰባ ቦታ ራቅ ብላ እንድትቆም ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የብልሽቱ ምክንያት

ጓድ ዓወል ደብረ ሲና ላይ ስንት ከባድ መኪና ላይ ነፍስ እንደዘሩ በሰፊው ከተረኩ በኋላ ወደ ጉዳዩ እንዲገቡ ተለምነው፣ “ችግሩ ከመሪው ነው” ብለዋል።

ሊቀመንበሩ የትኛው መሪ እንደሆነ በዝግታ ጠይቀዋል። ጓድ ዓወል የጥያቄውን አዝማሚያ ልብ ሳይሉ፣ መሪው ማርጀቱን፣ ላዩን ሲያዩት ደኅና ቢመስልም ውስጡ መበላሸቱን፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት የተላጠው ሽቦ ብረት እየነካ ሕዝቡን እንደሚያስጮኸው፣ በእሳቸው እምነት መሪው ተነቅሎ ካልወረደ መፍትሔ እንደሌለ ጠረጴዛውን እየደበደቡ አስረድተዋል።

በዚህ ጊዜ አቶ ገብረአብ በስህተት የተጠሩ መሆናቸውን አስታውሰው ለመሄድ ተነሥተዋል። ጓድ ዙቤዳ ጣሪያውን አይተዋል። ሊቀመንበሩ ተነሥተው በሩን ዘግተዋል። ጸሐፊው ቀደም ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር። ከአጭር፣ እጅግ ከአጭር ውይይት በኋላ፣ የመኪና መሪ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቀበሌ “መዘውር” ተብሎ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ከላይ የተባለው እንዲሰረዝም ታዟል። ጸሐፊው ምኑን እንደሚሰርዝ ለማረጋገጥ እንዲነበብለት ቢጠይቅ ድምፁን አውጥቶ የሚያነብለት ሰው አላገኘም።

አጀንዳ 3፦ የመፍትሔ ሐሳቦች

ሀ) ጓድ ዙቤዳ፣ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ብትታጠፍ ዞራ ዞራ ወደ ግራ መሄጃው መንገድ ላይ ትደርሳለች ብለዋል። ሊቀመንበሩ በቀኝ በኩል ወደ ግራ እደርሳለሁ ማለት የአብዮት ከላሾች መንገድ ነው ብለው ውድቅ አድርገውታል።

ለ) ጡሩምባው አፉ ላይ ጨርቅ ይወተፍ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጓድ ዓወል ይህ በካልሲ ተሞክሮ ድምፁ አፉን ይዞ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ስለሆነ ሰው ይበልጥ እየጮኸ እንደገባ ገልጸዋል።

ሐ) አቶ ገብረአብ፣ እኔ ስነፋ “መኪናዋ ታጠፈች” እየተባለ የሚወጣልኝ ሰው ጠፋ፣ ወይ እሷ ትንፋ ወይ እኔ ልንፋ፣ በአንድ ሰፈር ሁለት መርዶ ነጋሪ አይኖርም ሲሉ በምሬት ተናግረዋል።

ጓድ ዓወል፣ ነዳጅ ማደያው በስተቀኝ ሆኖ ሳለ ጠዋት ጠዋት በግራ በኩል ምን እንደሚያዞራቸው ተጠይቀው፣ “ቀኝ መንገደኛ እንዳልባል” ብለዋል። መልሱ አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም፤ ስህተት ለማለት ግን የደፈረ የለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የጡሩምባው ሽቦ ከሥሩ እንዲቆረጥ፣ እስኪቆረጥ መኪናዋ ከቆመችበት እንዳትነቃነቅ፣ ጓድ ዓወልም ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተወስኗል። ውሳኔው ለአቶ ወልደተንሣኤ ዕረፍት ሲባል የተላለፈ መሆኑ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ወይዘሮ ይመኙሻል ኮሚቴውን እንዲያመሰግኑ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። አላመሰገኑም። የተናገሩት ቃል በቃል ይኸው ነው፦

“ልጆቼ፣ ስላሰባችሁልን እግዜር ይስጣችሁ። ግን እባካችሁ እንዳትነኩት። ሰሌዳው ላይ ከተለጠፍን ወዲህ ሰው ሰላም የሚለን በአጥር አሻግሮ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ባሌን በሽታው አልነበረም የሚገድለው፤ ዝምታው ነበር። ያቺ መኪና ስትጮህ ግን ሰው ይገባል። ለቅሶ ለምን ደረስክ ተብሎ የሚጠየቅ የለማ! እዝኑን ይዘው ይመጣሉ፣ ‘እግዜር ያጥናዎ’ ይሉታል፤ እሱም ‘አሜን፣ እናንተንም ያጥናችሁ’ ይላል፤ ከዚያ ከሟቹ ጋር ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። ባለፈው ማክሰኞ ሣቀ። ስንት ጊዜው መሰላችሁ ከሣቀ።”

ሊቀመንበሩ፣ ታዲያ ጎረቤቱ ሰውዬው እንዳልሞቱ እስካሁን እንዴት አላወቀም ሲሉ ጠይቀዋል።

ጓድ ዙቤዳ፣ “ወላሂ የተሳሳትነው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አውቀን ነው የምንሄደው። ጥቁር ሻሼን ሣጥን ውስጥ መልሼም አላውቅ፣ በር ላይ ነው የምሰቅለው” ብለዋል።

ጓድ ዓወልም ግለ ሂሳቸውን አሁን ላድርግ ብለው፣ የተላጠውን ሽቦ በናስትሮ መጠቅለል የአፍታ ሥራ መሆኑን፣ ናስትሮውም ከክረምቱ ጀምሮ ኪሳቸው ውስጥ መኖሩን ተናዘዋል። አውጥተውም አሳይተዋል።

አቶ ገብረአብ፣ እንዲህ ከሆነ የእውነቱ ቀን በምን ይታወቃል ብለው ጠይቀዋል። ወይዘሮ ይመኙሻል፣ “የእውነቱ ቀን አንተ ትነፋለህ፤ እስከዚያው እሷ ትንፋ” ሲሉ መልሰዋል። አቶ ገብረአብ፣ ዕድሜ ልኬን ስነፋ ሰው ሰምቶኝ አንድ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም፤ እሷ ይህን ከቻለች ብትነፋ ቅር አይለኝም ብለው አቤቱታቸውን አንሥተዋል።

ሊቀመንበሩ ከዚህ ቀጥሎ የሚሉት እንዳይጻፍ አዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራ የተቀጠሩበትን ማመልከቻ የጻፉላቸው አቶ ወልደተንሣኤ መሆናቸውን፣ በመኪናዋ ሲያልፉ ሁልጊዜ በዚያ ደጃፍ አንገታቸውን እንደሚደፉ፣ አንድ ቀን እንኳ ገብተው ጠይቀዋቸው እንደማያውቁ መናገራቸው እዚህ አልተጻፈም። ዓይናቸውን ያስነባው ጓድ ዙቤዳ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያስቀመጡት የበርበሬ ጆንያ ነው ብለዋል። ጆንያው ባዶ ነበር። ጸሐፊው ሐሳብ መስጠት ስለማይፈቀድለት መሐረቡን አቀብሏቸዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ያለ ምንም ውይይት፣ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ “መዘውር” የሚለው ቃል ብቻ ለሁላችንም ጤንነት ሲባል ጸንቷል። ጡሩምባው ጤነኛ መሆኑ ታውቋል። ናስትሮው ከጓድ ዓወል እጅ ተወርሶ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። መኪናዋ ከጽሕፈት ቤቱ በወጣች ቁጥር፣ ጉዳይ ኖራትም አልኖራትም፣ ወደ ግራ ትታጠፋለች።

ውሳኔው ከአሁኑ ሰዓት ጀምሮ እንዲጸና ስለተባለ ጓድ ዓወል ወጥተው መኪናዋን አስነሥተዋል። ሊቀመንበሩ በባዶ እጅ አይኬድም ብለው ዳቦ ሊገዙ ቀድመው ወጥተዋል። ጡሩምባው ከውጭ እንደተሰማ፣ አባላቱ በሙሉ ለቅሶ ስላለባቸው ስብሰባው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል።