የጋሽ ምንዋጋው ጆሮ

የድምፅ ዳኛ የሌለበት ሰፈር የለም። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ ፍርዱም ይግባኝ የለውም። እዚህ ሰቆጣ የእኛ ሰፈር ዳኛ ክቡር ጋሽ ምንዋጋው ናቸው። እሳቸው ሳይፈርዱ ሆም ቴአትር ገዛሁ ብሎ የሚኮራ የለም።

ሌላው ሰው ስፒከር ፊት ተቀምጦ ያዳምጣል። ጋሽ ምንዋጋው ግን "ክፈቱት" ይሉና ከቤት ይወጣሉ። ያደጉት አበርገሌ ነው፤ እዚያ ሰው የሚጠራራው ከገደል ማዶ ለማዶ ነው። መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው መንገዱን ቁልቁል ይወርዱና፣ ቃሉ የጠፋበት ቦታ ሲደርሱ ይመለሳሉ። ከዚያ ያው ነው፦ "ጩኸት አለው፤ ቃል የለውም።"

ቤዙ ብርጭቆ ከመደርደሪያ የሚያወርደው የጎረቤታችን የወንዳወቅ ስፒከር በዚህችው ፍርድ ተረታ። መምህር ኤርምያስ ከስፒከሩ ጋር የመጣውን መመሪያ እያነበበ ሊከራከር ቢሞክር፣ "እንግዲያው መመሪያውን አዳምጠው" አሉት።

እሳቸው ራሳቸው ሆም ቴአትር የላቸውም። ያላቸው ልጃቸው ትግስት ከአረብ አገር የምትደውልበት ስልክ ነው። ድምፁን ለቀው ደጅ ላይ ስለሚያዋሯት፣ እዚያ የበላችውን ሁሉ ሰፈሩ ያውቃል።

ባለፈው የጎረቤቴ የየሺመቤት ተራ ደረሰ። ልጇ ይታየሽ ከአረብ አገር ሆም ቴአትር ላከችላት፤ በስልክም የድምፅ መልእክት አስከተለች፦ "እማ፣ ደህና ነኝ። ጋሽ ምንዋጋው ምን አሉ? እንዳትዋሺኝ!" የሺመቤት ጭንቅ ያዛት። ዕቃው መንገድ ላይ ተንገላቶ ኖሮ አንደኛው ስፒከር ይንኮሻኮሻል። የልጇ ልፋት በሰው ፊት ሊወድቅ ነው።

"ዘፈን ልክፈት ጋሼ?" አለች፣ ሊፈርዱ ሲመጡ።

"ዘፈኑን ተይው። የልጅቱን መልእክት በስፒከሩ ክፈቺ፤ ደጋግሚው።"

ወጡ፤ ተከተልኳቸው። የመብራት ምሰሶው ጋ ስንደርስ እኔ የምሰማው መንኮሻኮሹን ብቻ ነበር። እሳቸው አልቆሙም። ወፍጮ ቤቱንም አለፉ፤ ወፍጮው ደግሞ እየፈጨ ነው። እዚያ መዳፋቸውን ደግነው ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ።

ተመልሰው ገና ከበሩ ላይ ጮኹ፦ "ቃል አለው! ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ጥርት ብሎ ይሰማል። ንገሪያት!"

የሺመቤት እልልታውን አቀለጠችው። እንባዋን እየጠረገች ስልኳን አነሳች።

እኚህን ነገረኛ ሽማግሌ እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም። ቢሆንም አላስቻለኝም፤ ስንወጣ ጠየቅኋቸው።

"ጋሽ ምንዋጋው፣ እኔ እኮ ከምሰሶው ወዲያ አንድም ቃል አልሰማሁም።"

"አንተ አረብ አገር ልጅ አለህ?"

"የለኝም።"

"በል፣ ጆሮህ ገና ነው።"