ጋሼ ሽፋን

ጠዋት ጠዋት በራቸው ሲንኳኳ የሚያደርጉት አንድ ነው። በሩን በጣት ስፋት ከፈት ያደርጉና መጀመሪያ የመጣውን ሰው ጫማ፣ ቀጥሎ እጁን፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን ያያሉ። «የሴል ሽፋን በረኛ ነው» ይላሉ። «ያገኘውን ሁሉ አያስገባም!» በዚሁ ስማቸው ጋሼ ሽፋን ሆኖ ቀረ።

ጡረታ የወጣ የሥነ ሕይወት መምህር የሌለበት ሕንፃ ያለ አይመስለኝም። ደመወዙ ይቀንሳል እንጂ ትምህርቱ አይቀንስም። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ክቡር መምህር መላውን ሕንፃ ሴል አድርገውታል። መብራት ሲጠፋ «ማይቶኮንድሪያችን ደከመ» ይላሉ። ደረጃ የምትጠርገውን ሴት «እመቤት ላይሶሶም» ብለው ባርኔጣቸውን ያነሱላታል።

«ስድብ ከሆነ ወዮልዎ፣ ጋሼ!» ትላለች መጥረጊያዋን እንደያዘች።

«ምን ስድብ አለው! የሴሉን ቆሻሻ የምታጠፋው ላይሶሶም ናት። ያላንቺ ታፍነን አልቀን ነበር እኮ!»

ዳቦ የማደርስላቸው እኔ ደግሞ ቫኪዩል ነኝ። «ሁሉን አጠራቅመሽ ዝም!»

ኒውክለሱ ባለቤታቸው ነበሩ። ጨው የት እንደተቀመጠ፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ጋሼ የትኛውን ካልሲ እንደሚያደርጉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ። ጋሼ ጫማዬን ሲመረምሩ ከወጥ ቤት የእትዬ ድምፅ ይመጣል።

«አስገባት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ልጅቷ ቆማ ደረቀች!»

«ትእዛዝ ከኒውክለስ!» ይሉና ጋሼ በሩን ወለል ያደርጉታል።

እትዬ ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ አንድ የሞኝ ጥያቄ አመለጠኝ።

«ኒውክለስ የሌለው ሴል ይኖራል?»

«ቀይ የደም ሴል ይኖራል» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ለሌላው አየር ተሸክሞ ይዞራል። የራሱን ጉዳት መጠገን ግን አይሆንለትም።»

«እስከ መቼ?»

«አራት ወር ገደማ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ዳቦው ሰበብ ሆነ፤ የምሄደው መኖራቸውን ለማየት ነው። አራት ወሩ እንደምንም አለፈ። ከስተዋል፤ የግራና የቀኝ ካልሲያቸው አይመሳሰልም። ደረጃው ላይ ግን አሁንም ያስተምራሉ፤ የታመመ ጎረቤት ካለም መድኃኒቱን ገዝተው የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ብላቸው ፊታቸው በራ።

«ጻፊ! ላይሶሶምንም ጻፊያት፤ ካልሲዬንም ጻፊው፣ ምን ገዶኝ። በሩ ላይ የምታዪውን ነገር ብቻ ዋጥ አድርጊልኝ። ቫኪዩል አይደለሽ?»

እሺ ብዬ ነበር።

ጠዋት ሳንኳኳ በሩን ከፈት አድርገው ጫማዬን፣ እጄን፣ ፊቴን ያያሉ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ መለስ ያደርጉና፣ በሩን እንደያዙ፣ ይጠብቃሉ።