ሰንፔር ወይስ አክሪሊክ፦ የአንድ ተጠባባቂ ኃላፊ ታላቅ ውሳኔ

በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ ታላላቅ ውሳኔዎች ጥቂት ናቸው። አንዳንዱ ትዳር ይይዛል፣ አንዳንዱ ሙያ ይመርጣል፣ አንዳንዱም ከክፉ ጎረቤት ሸሽቶ ቤት ይቀይራል። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ለሚበልጥ ውሳኔ ተጠርቼ ነበር። የእጅ ሰዓቴ መስታወት ሰንፔር ይሁን ወይስ አክሪሊክ? ታሪክ ይህን ውሳኔዬን እንዴት እንደሚመዝነው አላውቅም። ባለቤቴ ግን መዝናዋለች፤ ውጤቱንም ለእናቷ በስልክ ስትነግራት ሰምቻለሁ።

በመሥሪያ ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነኝ። ተጠባባቂ ማለት የኃላፊው ወንበር ላይ ተቀምጦ የኃላፊነት ደብዳቤውን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ጀርባዬን ሙሉ በሙሉ አላሳርፍም፤ ተነሣ ልባል እችላለሁና። ወንበሩን የሚያጸናልኝ ነገር ሳወጣ ሳወርድ የዋና ሥራ አስኪያጃችን ግራ እጅ ታየኝ። በዚያ እጅ ላይ አሮጌ ግን ግርማ ሞገስ ያለው ሰዓት አለ። እርሳቸው ሲናገሩ የሚወዛወዘው ያ እጅ ነው፤ እኛም ስናዳምጥ የምንከተለው ያንኑ እጅ ነው። "አለቃህን ምሰል፣ ያኔ ትሾማለህ" የሚል ተረት በአገሩ ባይኖርም ሊኖር ይገባ ነበር።

ስለዚህ ሰዓት ገዛሁ። አዲስ አልገዛሁም፤ አዲሱን የሚገዛ ሰው ተጠባባቂ አይሆንም፣ የሚጠበቅ ነው እንጂ። ያገለገለ ገዛሁ። "ያገለገለ" የሚለው ቃል ራሱ ክብር አለው። በአገልግሎት ዘመን ከተቆጠረ ሰዓቱ የቅርብ አለቃዬ መሆን በተገባው ነበር።

የሸጠልኝ ሰዓት ሠሪ ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ በሚያወራባት ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። አጉሊ መነጽሩን አንድ ዐይኑ ላይ እንደ ተከለ ያወራል። ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ደንበኛ ያለውን ሁሉ ያጸድቃልና።

"ይኼ የጥንት መስታወቱ ነው ጋሼ፤ አክሪሊክ" አለኝ። "ነፍስ አለው። ሲጫር በጥርስ ሳሙና ወልወል ማድረግ ነው። ከፈለጉ ግን በሰንፔር እቀይርልዎታለሁ።"

"አክሪሊክ ማለት ፕላስቲክ ነው?"

"ፕላስቲክ አይባልም ጋሼ።"

"ምን ይባላል?"

"አክሪሊክ።"

"ሰንፔሩስ?"

"ሰንፔርማ ንጉሥ ነው! ቢላ አይጭረው፣ ቁልፍ አይደፍረው። ክፉ ምት ካገኘው ግን ይሰበራል። ኩሩ አይደለ፣ መጉበጥ አያውቅም።"

"እና የቱ ይሻላል?"

"እርስዎ የወደዱት።"

"ሰንፔር ብልህስ?"

"እኔም ልልዎት ነበር።"

"አክሪሊክ ብልስ?"

"አፌ ላይ ነበረ።"

በመጨረሻም አንድ ምሥጢር አካፈለኝ። የሰዓት መስታወት ከንፈር ላይ ሲያስነኩት ከቀዘቀዘ ሰንፔር፣ ለብ ካለ አክሪሊክ ነው። ይህን ዕውቀት ይዤ ከሱቁ ስወጣ መንገደኛው ሁሉ አላዋቂ መስሎ ታየኝ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ለሰው አለመስጠት ንፉግነት ነው ብዬም አሰብኩ። ምነው ንፉግ ሆኜ በቀረሁ!

ጉዳዩን በጥናት ላይ ተመሥርቼ ለመወሰን ባለድርሻ አካላትን አማከርኩ። ባለድርሻ አካሏ ባለቤቴ ናት። እራት እየበላን ነበር።

"መስታወቱን ልለውጠው አስቤያለሁ" አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ በራ። "እውነትህን ነው?"

"ከልቤ ነው። ዓይነቱ ላይ ግን ገና አልወሰንኩም።"

"የምን ዓይነት? ዝናብ አያስገባ እንጂ የፈለገው ይሁን!"

"ውኃስ አያስገባም። ጥያቄው መጫርና መሰበር ላይ ነው።"

"ድመቷ እንዳትጭረው ብለህ ነው?"

"የምን ድመት?"

"የጎረቤት ድመት ናታ! በካርቶኑ በኩል እየገባች አልጋዬ ላይ የምትተኛው!"

ሁለታችን ስለ ሁለት መስታወት ስናወራ እንደ ቆየን ያን ጊዜ ገባኝ። የመኝታ ቤታችን መስኮት ከተሰበረ ሰንብቷል። ጉዳዩ በአጭር ጊዜ ዕቅድ ካርቶን ተለጥፎበት፣ በረጅም ጊዜ ዕቅድ ደግሞ መፍትሔ እንደሚሰጠው አቅጣጫ አስቀምጬ ነበር።

"አንቺ ደግሞ" አልኩ፤ "እኔ የማወራው ስለ ሰዓቴ ነው።"

ማንኪያዋን መልሳ አነሣች። "ራስ ሳይጠና ጉተና" አለችና መብላቷን ቀጠለች። እንደ ገንቢ አስተያየት ተቀበልኳት። በማግሥቱ አናጺ ጠርታ ያለ ምንም ጥናት መስኮቱን አስጠገነችው። የገባው መስታወት ተራ መስታወት ነው። ዝናብ አያስገባም፣ ድመት አያስገባም፤ ከዚህ ውጪ ይህ ነው የሚባል ዝና የለውም።

እኔ ሰንፔርን መረጥኩ። ምክንያቴም ጥልቅ ነበር። አክሪሊክ ሲባል የመታጠቢያ ቤት ባልዲ ትዝ ይለኛል፤ ሰንፔር ሲባል ግን ዙፋን። ሰዓት ሠሪውም "ልክ እንዳሰብኩት!" ብሎ ቀየረልኝ።

የሳምንቱ ስብሰባ ላይ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩና እጄን ጠረጴዛው ላይ አመቻችቼ ዘረጋሁ። ፀሐይዋ መስታወቴ ላይ አርፋ አንዲት ክብ ብርሃን ወረወረች። ክቧን በጥንቃቄ እየመራሁ ዋና ሥራ አስኪያጁ ግንባር ላይ አሳረፍኳት። ስለ ሰዓት አክባሪነት እየተናገሩ ነበር፤ ስብሰባው እርሳቸውን ሲጠብቅ ዘግይቶ ነው የተጀመረው።

"ምንድን ነው እሱ የሚያብለጨልጨው?" አሉ ዐይናቸውን እያሹ።

"ሰንፔር ነው፣ ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ።"

"አሃ! የእኔም እኮ ሰንፔር ነው።"

እዚህ ላይ እናት የወለደችው ሰው "ምን ጥርጥር አለው!" ብሎ ይቀመጣል። እኔን ግን የወለደኝ ዕውቀት ነበር። "በከንፈር ማረጋገጥም ይቻላል" አልኩ።

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ ከንፈሬን አስነካሁ።

ለብ ያለ ነበር።

ተሳስቼ እንደ ሆነ ብዬ፣ እንዳጎነበስኩ ደግሜ አስነካሁ። ከኋላ የተቀመጡት ንግግራችንን አልሰሙም። ያዩት ነገር ቢኖር የሕዝብ ግንኙነት ተጠባባቂው የዋና ሥራ አስኪያጁን እጅ ሲሳለም ነው። አባ ቁጠባ የምንለው የፋይናንስ ኃላፊ አዲስ መመሪያ የወጣ መስሎት ኮቱን ቆልፎ ከኋላዬ ተራ ያዘ። ከእርሱ ኋላ ደግሞ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ።

"እህስ? ቀዘቀዘ?" አሉኝ ዋና ሥራ አስኪያጁ።

"ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ… እንኳን ደስ ያለዎት!"

"ለምኑ?"

"አክሪሊክ ነው!"

የአንድ ሰው እስክሪብቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሚያነሣው ጠፋ።

"አክሪሊክ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ፕላስቲክ አይባልም!" አልኩ። ሰዓት ሠሪውን እንደዚያ ቅጽበት ወድጄው አላውቅም። "የጥንት መስታወቱ ነው። ነፍስ አለው። ሰንፔር የጀማሪ ምርጫ ነው፤ አዋቂው የሚያስረው አክሪሊክ ነው።"

ግንባራቸው ተፈታ። "እኔስ አውቄ አይደል የያዝኩት!" አሉ። ከዚያ እጄን አዩ። "አንተ ታዲያ?"

"እኔ… ገና በመማር ላይ ነኝ።"

"ተማር።"

አባ ቁጠባ ጆሮዬ ሥር "እኔስ ልሳለም?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

"ቀርቷል" አልኩት።

ከሥራ እንደ ወጣሁ ወደ ሰዓት ሠሪው በረርኩ።

"አክሪሊኬን መልስልኝ!"

"አውቄ አስቀምጬልዎታለሁ ጋሼ።"

"ሰንፔር ንጉሥ ነው አላልከኝም ነበር?"

"ንጉሥም ይወርዳል" አለና መነጽሩን ዐይኑ ላይ ተከለ።

ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤታችን የአክሪሊክ ዘመን ገባ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ጊዜ የሰጠው ፕላስቲክ ሰንፔር ሰበረ። አባ ቁጠባ ሰዓቱን ሲወለውል ስለሚውል ቢሮው ጥርስ ሳሙና ጥርስ ሳሙና ይሸት ጀመር። የሠራተኛ አስተዳደሩ የእርሱ መስታወት ሰንፔር ሆኖበት፣ አክሪሊክ እንዲመስል ከኋላ ደረጃው ሲሚንቶ ላይ ሲፍቀው አገኘሁት። አልጫር ብሎታል። ሲሚንቶው ነው የለሰለሰው። "ምን በድዬው ነው?" አለኝ። እኔም በመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ላይ "ለብ ያለ አመራር" የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ዋና ሥራ አስኪያጁ አንብበው ደብዳቤዬ ሊፈረም እንደ ደረሰ በጸሐፊያቸው በኩል ሰማሁ። በዚያ ቀን ወንበሬ ላይ ጀርባዬን አሳረፍኩ።

ቀጣዩ ስብሰባ ላይ አንዲት ክብ ብርሃን መጥታ እኔ ግንባር ላይ አረፈች። ዐይኔን እያሸሁ ወደ መነሻዋ ባይ፣ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ግራ እጅ ነው።

"ሰንፔር አስገባሁበት" አሉ ፈገግ ብለው። "አንተ ከመከርከኝ በኋላ ነገሩን ሳብላላው ሰነበትኩ። አሁንም ፕላስቲኩን ነው የያዝከው?"

"አክሪሊክ…"

"ያው ነው። ሰው ከዘመኑ ጋር መራመድ አለበት።"

ሱቁ በር ላይ ስደርስ የዋና ሥራ አስኪያጁ ሾፌር የሰንፔሩን ሒሳብ ከፍሎ ሲወጣ ተገጣጠምን። ሰዓት ሠሪው ሳልነግረው ሰዓቴን ሊቀበል እጁን ዘረጋልኝ።

"ንጉሥም ይወርዳል ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

"ይመለሳልም ጋሼ።"

ማታ ባለቤቴ እጄን አየችና ሳቀች። "ለመሆኑ ሰዓቱ ይሠራል?"

"በደንብ እንጂ!"

"አንተስ?"

ጥያቄዋ ከአጀንዳ ውጪ ስለ ነበር አልመለስኩትም።

ደብዳቤዬ ሳይፈረም የእርሳቸው ደብዳቤ ቀድሞ መጣ። ዋና ሥራ አስኪያጃችን "ለሌላ ኃላፊነት" ተፈለጉ። የትኛው ኃላፊነት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልተገለጸም፤ እርሳቸውም እየፈለጉት ነው ይባላል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በሚመጡበት ዕለት ሁላችንም አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈን ጠበቅን። አባ ቁጠባ ግራ እጁ ላይ ሰንፔር አስሮ፣ ኪሱ ውስጥ አክሪሊክ ይዟል። አርቆ አሳቢ ሰው ነው።

ገቡ። የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ መዳፋቸው ወርዶ ተቆልፏል፤ በሥሩ ግን ጉብ ያለ ነገር አይታይም። ሁላችንም እጃቸው ላይ ማፍጠጣችንን አስተውለው ሳቁ።

"እኔ ሰዓት አላስርም" አሉ። "ለሥራ የኖረ ሰው እጁ ባዶ ነው።"

ንግግሩን ሁላችንም መዘገብነው። ከዚያ ከየሰዉ ጀርባ የሰዓት ማሰሪያ ሲፈታ ተሰማ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ግን አንድ ያልታሰበ ተግዳሮት ገጠመን። ሰዓቱ ሲወልቅ ቦታው አልወለቀም። ፀሐይ ያጠቆረው ክንዴ ላይ፣ ሰዓቱ የነበረበት ሥፍራ እንደ ቀለበት ፈክቶ ቀረ። ለአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፋይል ሳቀብላቸው ዐይናቸው እዚያው ቀለበት ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ሰው የልቡን ይደብቃል እንጂ የቆዳውን የት ያደርሰዋል?

ምሳ ሰዓት ላይ ከሕንጻው ጀርባ፣ የውኃ ታንከሩ አጠገብ ሄድኩ፤ ቀለበቱ እንዲጠቁር እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ፀሐይ ላስመታው። አባ ቁጠባ ቀድሞኝ ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል።

"ምን ታደርጋለህ?" አልኩት።

"አጥንቴን ያመኛል። ፀሐይ ሙቅ ተብዬ ነው። አንተስ?"

"እኔም አጥንቴን ነው።"

ጎን ለጎን ቆምን። ብዙም ሳይቆይ የሠራተኛ አስተዳደሩ አጥንቱን እያመመው መጣ። በየቀኑ በሽተኛው በዝቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ አመራር በሙሉ ምሳውን ትቶ ግራ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚቆምበት ደረጃ ላይ ደረስን።

አንድ ቀን እንደዚሁ ቆመን ሳለ ከኋላችን ኮቴ ተሰማ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። እጃችንን እንዳናወርድ ወንጀል ያመንን ይመስላል፣ እንዳናቆየው ደግሞ ምን እንላለን? እንደ ዘረጋን ደረቅን። እርሳቸው አንድ በአንድ አዩን። ወደ ሕንጻው መስኮቶች ገልመጥ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው የእጅጌያቸውን ቁልፍ ፈትተው ወደ ላይ ሰበሰቡት።

ግራ ክንዳቸው ላይ ከሁላችንም የሰፋ፣ ከሁላችንም የፈካ ቀለበት አለ።

"ሰንፔር ነበር?" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

"ሰንፔር ነበር" አሉ በቀስታ። "የበላዬ ሰዓት አያስሩም።"

ማንም አልሳቀም፤ ኃላፊነት የሚሰማን ሰዎች ነን። ፀሐይዋ በደንብ የምታርፍበትን ቦታ ወዲያው ለቀቅንላቸው። እርሳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ከፊት ቆሙ፤ እኛም ክንዳችንን እንደ ዘረጋን፣ በየማዕረጋችን ተሰልፈን ጥላቸው ውስጥ ቆምን።