በእግሩ የሚሄድ ኔትወርክ

እኛ አገር ኔትወርክ እንደ ዝናብ ነው። መጣ ይባላል፣ ሄደ ይባላል፣ «እናንተ ሰፈር አለ እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል። ማን እንደሚያመጣው፣ ማን እንደሚወስደው የሚመረምር የለም። ሲመጣ እሰይ ነው። ሲጠፋ ደግሞ ክንዳችንን እስከ መጨረሻው ዘርግተን ስልኩን ወደ ሰማይ እንሰቅለዋለን፤ የቸገረው ነገር ቁመት ይመስል። አትሳቁ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ። እኔም አደርገዋለሁ፣ ያውም የኔትወርክ አስተማሪ ሆኜ።

አዎ፣ ወልድያ ውስጥ አንድ ኮሌጅ «የሞባይል ኮምፒውቲንግና የገመድ አልባ ኔትወርክ መግቢያ» የሚባል ትምህርት አስተምራለሁ። ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ እስክዞር ድረስ የኋላ ወንበር ያሉትን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ከትምህርቱ ሁሉ የምወደው ምዕራፍ፣ የኔትወርክ ማማ በሌለበት አገር መልእክት እንዴት እንደሚጓዝ የሚያስረዳው ነው። አንዱ ስልክ መልእክቱን ተቀብሎ ይይዘዋል፤ ሌላ ስልክ አጠገቡ ሲደርስ ያቀብለዋል፤ ያኛውም ለሌላው፣ ሌላውም ለሌላው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከታሰበበት ይደርሳል። የተቀበለው ወገን ደግሞ «ደርሶኛል» ብሎ አጭር መልስ ይልካል። መሐል ላይ ያሉት አቀባዮች ግን መልእክቱን ከፍተው መነካካት በፍጹም አይፈቀድላቸውም። ይህችን ነገር ሰሌዳውን በጠመኔ እየደበደብኩ ነው የማስተምራት። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬም አምን ነበር፣ ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ።

በዚያ ክረምት የአክስቴን ለቅሶ ለመድረስ፣ ለሁለት ቀን ብዬ ግራና ሄድኩ። ሚስቴ ሰዓዳ፣ ልጃችን ሂክማ ገና ጨቅላ ስለሆነች ወልድያ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ልመለስ ስል ጦርነቱ ቀድሞኝ መንገዱ ላይ ወጥቷል። መኪና ቆመ፣ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ሄደ። ወልድያ ምን ላይ እንዳለች የሚያውቅ ሰው የለም። የማያውቅ ሰው ግን ዝም አይልም። ጠዋት የመጣው «ወልድያ አለቀላት» ይላል፣ ከሰዓት የመጣው «ኧረ ሰላም ነው፣ ገበያው ሁሉ ቆሟል» ይላል። እኔ በሁለቱ መሐል ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በዚህ ላይ የግራና ሰው የማስተምረውን ሰምቷል። ዝም ያለ ስልኩን ይዞ ያልመጣብኝ የለም። «አንተ አይደለህ እንዴ የኔትወርኩ መምህር? አምጣልና እንግዲህ!» ይሉኛል። አልችልም ስላቸው፣ ጓዳ ደብቄ የሰሰትኩባቸው ይመስል ይከፋቸዋል። አንድ አዛውንት ጭራሽ አጠገቤ ቁጭ አሉና «ለመሆኑ ስንት ዓመት ተማርክ?» አሉኝ። ስድስት ዓመት አልኳቸው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብለው እጄን በሐዘን ጨበጥ አደረጉኝ።

የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ሰዓዳን አውቃታለሁ። እኔ ስጠፋባት እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ ልጇን አዝላ ልትፈልገኝ ትወጣለች። በዚያ መንገድ! እንዳትወጣ የሚነግርልኝ ሰው ባገኝ ሌላ አልፈልግም ነበር። ያኔ ነው የምወደው ምዕራፍ ትዝ ያለኝ። ማማ ከሌለ በእግር ነዋ!

እትዬ ዘምዘም የመርሳ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ጦርነት ሆነ ብለው ከግራና ገበያ የሚቀሩ ሰው አይደሉም። እሳቸው ደግሞ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ የሲሪንቃ ገበሬ ያውቃሉ። ሼሁ ወልድያ ያሉ ታማሚ እህታቸውን በአቋራጭ፣ በእግራቸው እየተመላለሱ ይጠይቃሉ፤ በመሐሉ መርሳም ብቅ ይላሉ። ከግራና መርሳ በዘምዘም፣ ከመርሳ ወልድያ በሼሁ። ሰሌዳ ላይ ብስለው እንዲህ አያምርም።

ፍተሻ ስላለ ወረቀት መስጠት አልቻልኩም። ስለዚህ እትዬ ዘምዘምን ቃል በቃል አስጠናኋቸው። «ደህና ነኝ። መንገዱ እሳት ነው፣ እንዳትመጪ። ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትይ። መልስ ላኪልኝ።» አንዴ አስደገምኳቸው። ሁለቴ አስደገምኳቸው። በሦስተኛው «ኧረ በአላህ! ቁርኣን ነው እንዴ የምታስቀራኝ?» ብለው በርበሬያቸውን ጭነው ሄዱ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአጎቴ ጋር አጥር ስንጠግን መልሱ መጣ።

መልስ አጭር ይሁን ብዬ ነው የማስተምረው። የእኔ መልስ ልጅ አዝላ፣ በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በአንድ እጇ ፌስታል አንጠልጥላ፣ እግሯ አብጦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሰዓዳ! ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አጎቴ እንደሚሉት ከሆነ እንደ ሕፃን ነው የጮህኩት። ሂክማን ከአንቀልባው ሳወርዳት ከስሯ አንድ ጠፍጣፋ ነገር አብሮ ወረደ። ላፕቶፔ ነው! ፈታሾች እንዳይወስዱባት ልጅ አስቀምጣበት መጣች። ባትሪው አልቋል፣ መብራት የለ፣ እሷ ግን ተሸክማዋለች። እስከዚያች ቀን ድረስ ሞባይል ኮምፒውቲንግ ምን እንደሆነ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ሲሪንቃን እንዳለፉ ተኩስ ሲሰሙ ማሽላ ውስጥ ተኝተው መዋላቸውን ስትነግረኝ ግን ደሜ ፈላ።

«እንዳትመጪ አልተባልሽም እንዴ?»

«ማን አለኝ? ሼሁ ‹ባልሽ ደህና ነው፣ አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ ብሎኛል› ነው ያሉኝ።»

ሼህ እንድሪስ ከኋላዋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እስከ ግራና ድረስ ራሳቸው ነው ያመጧት። በአክብሮት ጀመርኩ።

«ሼህ፣ መልእክቴ በትክክል አልደረሰዎትም ማለት ነው?»

«ኧረ ደርሶኛል። ‹እንዳትመጪ፣ ንቅንቅ እንዳትይ› ብለሃል። ዘምዘም ሦስቴ አስደግማኛለች» አሉ። «መልስም ይላክልኝ ብለሃል። ይኸውልህ መልስህ።»

«ታዲያ ለምን ቀየሩት? እናትና ልጅ መንገድ ላይ ቢገደሉብኝስ?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ግቢው ባዶ ነው፣ ልጄ። ጎረቤቱ ሁሉ ጥሎ ሄዷል። በሩን በአልጋ ደግፋ፣ ጥሬ ሽምብራ በውሃ ነክራ ስትበላ ነው የደረስኩባት። የሕፃኗ ከንፈር ደርቋል። ለሷ ነው ‹ንቅንቅ እንዳትይ ብሎሻል› የምላት? አንተ ስትልክ አላየሃትም። እኔ ስደርስ አየኋት።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸው ቀና አደረጉኝና ውኃ ጠየቁ፣ ሶላት ደርሶባቸው ነበር።

ይኸው አሁን ጦርነቱም አለፈ፣ ማማውም ቆመ፣ እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ። ያችን «አቀባይ መልእክት አይነካም» የምትለዋን ቦታ ስደርስ ግን ሰሌዳውን መደብደብ ትቻለሁ። ባለፈው አንዱ ተማሪ «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ያመኑበት አይመስሉም» አለኝ። ለፈተናው መጽሐፉ እንዳለው ጻፍ አልኩት፣ ሌላ ምን እለዋለሁ?

ሰዓዳ ሰሞኑን ውርጌሳ እናቷ ጋ ናት። ከትናንት ወዲያ በማይረባ ነገር በስልክ ተጋጨን፤ ተናድጄ መባል የሌለበትን ቃል ተናገርኩ። ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ አያውቅም። ያልኩትን ሁሉ፣ ከነቁጣዬ፣ አንድም ሳያስቀር አደረሰላት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ሼህ እንድሪስ መሐላችን ቢኖሩ ኖሮ «ናፍቀሽኛል፣ ነይ ብሎሻል» ነበር የሚሏት፤ ያም እውነቱ ነበር።