የከርከሮ አፍንጫና የጉሬዛ ገመድ

ተረት ተረት ስላችሁ የመሠረት ልትሉኝ ነው። የዚህኛው መሠረት ረግረግ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ርገጡ።

ድሮ አንድ ጫካ ነበር። ጫካውን ወንዝ ለሁለት ከፍሎታል። ወዲህ ማዶ ቤት፣ ወዲያ ማዶ ምግብ። መካከሉ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር የሚጮኽ ቡናማ ውሃ። አውሬው ሁሉ ጠዋት ሊበላ ይሻገራል፣ ማታ ሊተኛ ይመለሳል። የሚሻገረው በገመድ ድልድይ ነው።

ድልድዩን የሠራችው ጉሬዛ ናት።

ጉሬዛ አውራ ጣት የላትም። ጣት ሲታደል ጅራቷን ስታበጥር አርፍዳ ነው እያሉ ያሟታል። እሷ ግን፣ «ለገመድ ሥራ አውራ ጣት መሃል ገብቶ ማወክ እንጂ ምን ይፈይዳል?» ትላለች። ቃጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ታከርረዋለች። እያከረረች ታወራለች፣ እያወራች ራሷን ታመሰግናለች። የምትኮራው በሁለት ነገር ነው፤ በገመዷና ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በሚወርደው ነጭ ካባዋ።

*

ቃጫው ከየት ይመጣል? ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

ከረግረጉ ዳር ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅጠሉ እንደተዘረጋ መዳፍ የሆነ ተክል ይበቅላል። ሰዎች በየሰፈራቸው ሐሺሽ የሚሉት ተክል አለ፤ ይኼኛው የዚያ ዘመድ ነው። ሄምፕ ይሉታል። ዘመዱ ያሰክራል፤ ይኼኛው አያሰክርም። ጉሬዛ አንድ ቀን ቅጠሉን በልታ ሞክራዋለች፤ ሆዷ ተነፋ እንጂ ሌላ የታያት ነገር አልነበረም። መልካቸው ግን አንድ ነው። ሽታቸውም እንደዚያው።

ግንዱን ታጭዳለች፣ ነዶ ታደርጋለች፣ ረግረጉ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ሥጋው ይበሰብሳል፣ ቃጫው ይቀራል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ሲያበቃ ያ አረንጓዴ ሽታው የለም። ትንሽ ጭቃ ጭቃ ይላል፣ በቃ።

ከቃጫው ድልድይ ሆነ። ነብር ከሰዓት በኋላ የሚያሸልብበት መረብ ሆነ። ጎሽ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ማሰሪያ ሆነ። ፍሬውን ወፎች ለቀሙት፤ ከፍሬው የተጨመቀውን ዘይት ኤሊ የድንጋይ ልብሷን ታብስበታለች። የግንዱን ገለባ ጃርት ጉድጓዱ ውስጥ አንጥፎ፣ «ከናቴ ሆድ ወዲህ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም» ይላል።

ሽታው የሚቀረው ጉሬዛ ላይ ብቻ ነበር። ስታጭድ ካባዋ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አይወጣም።

*

አንድ ቀን ከሰው ቤት የኮበለለች ፍየል መጣች።

ፍየሏ ከሰው ጋር ስለኖረች ሁሉን ታውቃለች ተባለ። ምክር ቤቱ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ማብራሪያ እንድትሰጥ ጠየቃት። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ከርከሮ ነው። የተመረጠው በአፍንጫው ነበር፤ በጫካው ውስጥ ከእሱ አፍንጫ የሚበልጥ የዝሆን ብቻ ነው፣ ዝሆን ደግሞ ስብሰባ አይወድም።

«እዚያ ረግረግ ዳር የቆመውን ተክል አየሁት» አለች ፍየል። «በሉ ተጠንቀቁ። ሰዎች እሱን ካገኙ ያቃጥሉታል።»

«ምን አድርጎ?» አለ ጎሽ።

«እሱን አልነገሩኝም። ብቻ ያቃጥሉታል። ዩኒፎርም የለበሱት ሜዳ ላይ ከምረው ያቃጥሉታል። ሌሎቹ ደግሞ በወረቀት ጠቅልለው አፋቸው ላይ።»

ጎሽ ጆሮውን አቆመ።

«አፋቸው ላይ?»

«አፋቸው ላይ። ከጓሮ ተደብቀው።»

«አይ ጥላቻ!» አለ ከርከሮ፣ በአድናቆት ጭራውን አቁሞ። «የገዛ አፍን አሳልፎ እስከ መስጠት!»

«ከዚያስ?» አለ ጎሽ።

«ከዚያ ቁጭ ብለው ይስቃሉ።»

«ድል አድርገዋላ!» አለ ከርከሮ።

በዚያው ስብሰባ ውሳኔ ተላለፈ። ስሙ ከእንግዲህ አይጠራም፤ «ያ ተክል» ይባላል። ያ ተክል የሸተተ ማንም አውሬ ከቤቱ ተነቅሎ ወዲያ ማዶ ይባረራል፤ ጠዋትም ማታም እዚያው ይቀራል። ከዚያ ተክል የተሠራ ዕቃ ከተገኘ ይቃጠላል። ፍተሻው ድልድዩ አፍ ላይ ይሆናል፤ ፈታሹ ክቡር ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ መሣሪያው አፍንጫቸው።

ፍየሏ በበኩሏ አማካሪ ሆና ተሾመች። ወንበሯን በልታ ሌላ ተተካላት።

*

«ስሚ እትዬ» አለ ጃርት፣ ከጉሬዛ ዛፍ ሥር ቆሞ። «ያንን ካባ ተላጪው።»

«ምን አልክ?»

«ሽታው ያለው ጠጉርሽ ውስጥ ነው። ተላጪና ተገላገዪ። ተመልሶ ይበቅላል።»

«ካባ የሌላት ጉሬዛ ምን እንደምትባል ታውቃለህ? ጦጣ!» አለች ጉሬዛ ደረቷን እየደቃች። «ጦጣ ከምባል ስደተኛ ልባል!»

«ጦጣ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም። ግን ጦጣ ናት።»

ጃርት እሾሁን ነቅነቅ አደረገ። «ቆይ፣ ድልድዩ ራሱስ? ከዚያ ተክል አይደለም እንዴ?»

ጉሬዛ ይህን ሌሊቱን ሁሉ ስታብሰለስለው አድራለች። ብትናገር ድልድዩ ይቃጠላል፤ ክረምት ደርሷል፤ ወዲያ ማዶ ያልተሻገረ ሁሉ ይራባል። ባትናገር ብቻዋን ትባረራለች። ይኼ ዛፍ እናቷ የወለደቻት ዛፍ ነው። የትኛው ቅርንጫፍ የእሷን ክብደት እንደሚወድ ጨለማ ውስጥ ሆና ታውቀዋለች።

«አንተ እሾሃም» አለች በመጨረሻ፣ «አፍህን ያዝ።»

*

በማግስቱ ተራዋ ደረሰ። ከርከሮ አፍንጫውን ካባዋ ውስጥ ሰክቶ ሳበ፣ ሳበ፣ ከዚያ አምስት ዛፍ የሚያራግፍ ማስነጠስ አስነጠሰ።

«ያ ተክል!»

«ክቡርነትዎ፣ ሽታው የሥራ ነው...»

«ከዚህ በመነሳት» አለ ከርከሮ ለተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ጉሬዛ ወዲያ ማዶ እንድትባረር አቅጣጫ ተቀምጧል። ያሳዝናል። ይህን የመሰለ ንጹሕ፣ ይህን የመሰለ የተከበረ ድልድይ ላይ ቆማ! አታፍሪም? ድልድዩ እንኳ አፈረብሽ!»

ጉሬዛ ዝም ልትል ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ዝም ልትል ነበር። ነገር ግን ገመዷን አመስግነው እሷን ሲሰድቧት አፏ አመለጣት።

«ድልድዩ ያ ተክል ነው! ከጫፍ እስከ ጫፍ! የረገጡት ሁሉ ያ ተክል ነው!»

ሰልፉ ተናወጠ። ሚዳቋ ልጇን ከድልድዩ አፍ ጎትታ አወጣች። ጉሬዛ አፏን በአራት ጣቷ ያዘች፤ የተናገረችውን መልሳ ብትውጠው በወደደች።

ከርከሮ ጎንበስ አለና ገመዱን አሸተተ። ከግራ አሸተተ። ከቀኝ አሸተተ። ወደ መሃል ገብቶ ቋጠሮውን አሸተተ። የጉሬዛ ልብ ከአፍንጫው ኋላ ኋላ እየተከተለ ድልድዩን አብሮት ዞረ።

«ጭቃ» አለ ከርከሮ። «ጭቃና የአውሬ እግር። ድልድዩ ንጹሕ ነው።»

እልልታ ሆነ። ጉሬዛ ደስ ይበላት ወይስ ትናደድ ግራ ገባት።

«ክቡርነትዎ፣ እኔው ነኝ እኮ የሠራሁት! ጭኔ ላይ ያከረርኩት!»

«አፍንጫዬ ውሸታም ነው እያልሽ ነው?»

«አፍንጫዎ ልክ ነው፤ ገመዱ ግን...»

«በቃ! ተጨማሪ ክስ፤ የድልድያችንን ስም ማጥፋት።»

እናም ጉሬዛን በገዛ ገመዷ አስረው፣ በገዛ ድልድይዋ አሻግረው፣ ወዲያ ማዶ ጥለዋት ተመለሱ።

*

ወዲያ ማዶ ዛፍ ሞልቷል፤ የሷ ግን አንዱም አይደለም።

ካባዋ ውስጥ የተሰገሰገ ፍሬ ነበር፤ ስትነቀንቀው ረገፈ፣ ዝናብ መታው፣ በቀለ። ሌላ ሥራ አታውቅምና አጨደች፣ ኩሬ ፈልጋ ዘፈዘፈች፣ አከረረች።

ሊበሉ የሚሻገሩት አውሬዎች አፍንጫቸውን ይዘው በሩቅ ያልፏታል። ዞር ሲሉ ደግሞ ከቁጥቋጦ ኋላ ብቅ ይላሉ።

«እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ቁራጭ ገመድ አይጠፋሽም?»

«የዚያ ተክል ገመድ ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ እሱን ማን ጠየቀሽ? ርዝመቱን ንገሪኝ።»

ትሰጣቸዋለች። በማግስቱ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፏታል።

*

ክረምቱ ድልድዩን በላው። ገመድ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ የሚያድሰው የለም። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ሥራውን ለዝንጀሮ ሰጠ። ዝንጀሮ ጥሩ ጥሩ የሚሸት ባለ አበባ ሐረግ አምጥቶ ከአሮጌው ገመድ ጋር ቋጠረው። ሊቀመንበሩ አሸተተና እንባ አቀረረ።

«እንዲህ ነው ድልድይ!»

ዝናቡ ሲያባራ የምረቃው ቀን ደረሰ። ከርከሮ ንግግሩን መሃል ድልድይ ላይ ቆሞ ሊያደርግ ገባ። «በዚህ መዓዛ ባለው...» ሲል ሐረጉ ተበጠሰ።

የተረፈው አንድ የጉሬዛ ገመድ ነበር። ከርከሮ በጥርሱ ጋደል ብሎ ተንጠለጠለበት፤ ጥርሱ ወደ ላይ የታጠፈ መሆኑ በዕድሜው አንድ ቀን ጠቀመው። ወንዙ ከሥሩ ይጮኻል። ወዲህ ማዶ ያሉት ይጮኻሉ። ፍየሏ ማማከር አቆመች።

ጉሬዛ ከወዲያኛው ገደል ጫፍ መጣች። ትከሻዋ ላይ አዲስ ገመድ አለ።

«ወርውሪልኝ!» አለ ከርከሮ በተዘጋ አፍ።

«ወደ ዛፌ እመለሳለሁ?»

«ትመለሻለሽ! በሊቀመንበርነቴ!»

ወረወረችው። አፍንጫው ላይ አረፈ። ከርከሮ ግን አልያዘውም።

«ቆይ፣ ከምንድን ነው?»

ከወዲህ ማዶ ጃርት ጮኸ፤ «አንተ ጉድ! ያዝ እንጂ!»

ጉሬዛ እንዳትዋሽ ኩራቷ ከለከላት፤ እውነቱን እንዳትነግረው ወንዙ ከለከላት። «እርስዎ ያሽትቱት» አለች።

ተንጠልጥሎ አሸተተ። ከግራ፣ ከቀኝ።

«ጭቃ» አለ፣ ተነፈሰም። «ንጹሕ ነው።» ያዘው። ጎትታ አወጣችው።

*

ድልድዩን አዲስ አድርጋ ሠራችው። ሥራው እንዳለቀ የተረፈውን ገመድ ትከሻዋ ላይ ጥላ መጀመሪያ የተሻገረችው እሷ ናት። ዛፏ ከሩቅ ታየቻት። ምክር ቤቱ ድልድዩ አፍ ላይ ተሰልፎ ነበር።

ከርከሮ ትከሻዋ ላይ ያለውን ገመድ አሸተተ። «ይህ ገመድ ሕይወት አድን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የረግረግ ሐር ይባላል፤ የጫካችን ኩራት ነው።» ተጨበጨበ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ካባዋ አስጠጋ። አስነጠሰ።

«ኧኸ» አለ። «ያ ተክል።»

«ክቡርነትዎ፣ ቃል ገብተው ነበር እኮ!»

«ቃሌ ቃል ነው። አፍንጫዬ ግን የሕዝብ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ገመድሽ ይግባ። አንቺ እዚያው ማዶ ሆነሽ እየሠራሽ ላኪልን።»

ጃርት እሾሁን አቆመ። ሚዳቋ መሬት መሬት አየች።  ጉሬዛ ገመዱን ከትከሻዋ አውርዳ ከርከሮ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ይኼም እኮ እንደ እኔው ይሸት ነበር» አለች።

«ታዲያ ምን አድርገሽው ጠራ?» አለ ከርከሮ።

«ረግረግ ውስጥ ከረመ። በሰበሰ።» ዛፏን አንዴ አየችና ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ድልድዩ ዞረች። «እንግዲያውስ ጠብቁኝ። እኔም ስበሰብስ እመለሳለሁ።»